ለአቅኚ አያት መታሰቢያ ስለ ማቆም፦ በሰሜን ሸዋ ላሉ የቤተሰብ ማኅበራት የተዘጋጀ መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ብዙው ቤተ ዘመድ ትውልዱን የሚቆጥረው ከሌላ አገር መጥቶ ከተቀመጠ አንድ አቅኚ አባት ጀምሮ ነው። የአንዱ አባት ከመንዝ ወደ ይፋት ቆላ የወረደ፣ የሌላው ከተጉለት ወደ ቡልጋና ወደ ምንጃር የዘለቀ፣ የሌላው ደግሞ ጀማን ተሻግሮ መርሐ ቤቴ የገባ ነው። የዚህ ሰው ስም በሠርግና በልቅሶ ላይ ሲነሣ ኖሯል። ልጆቹ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባና ውጭ አገር ከተበተኑ ወዲህ ግን የሚጠራው እየቀነሰ ይሄዳል፤ በዚህ ጊዜ የቤተሰብ ማኅበር ይቋቋማል፤ ማኅበሩም የታመመ መጠየቁንና የሞተ መቅበሩን ካደላደለ በኋላ «ለአባታችን መታሰቢያ እናቁም» የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም።

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሥራ ሲሰናከል የሚሰናከለው በግንበኛው እጅ ሳይሆን ግንበኛው ሳይጠራ ገና ነው። ድንጋዩ በሁለት ሳምንት ይቆማል፤ በድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን የቤተሰቡ ቅርንጫፍ ሁሉ የሚስማማበት፣ ጎረቤትም ሲያነበው የማይቀየምበት ማድረግ ግን ወራት የሚፈልግ ሥራ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሰፊውን ቦታ የያዘው ከግንባታው ይልቅ የትውልድ ቆጠራውና የጽሑፉ ጉዳይ ነው።

ማኅበሩ አስቀድሞ የሚወስነው

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከአያቱ ልጆች ቤት ሁሉ አንድ አንድ ወኪል የሚቀመጥበት ኮሚቴ ነው። አያቱ አምስት ልጆች ወልደው ከሆነ አምስት ቤት አለ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ሴቶች ቢሆኑም የእነርሱም ቤት ቤት ነው። በአጽመ ርስት ሥርዓት ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቆጠር ስለ ነበር፣ በሴት ልጅ በኩል የመጣውን ወገን «የሰው ቤት ነው» ብሎ መተው በአገሩ ልማድ እንኳ የሚደገፍ አይደለም። በተግባር እንደሚታየው የሴቶቹ ቤት ያልተወከለበት ኮሚቴ መታሰቢያውን ካስመረቀ በኋላ ሁለተኛ ድንጋይ እንዲቆም የሚጠይቅ ሌላ ማኅበር ይፈጠርበታል።

መዋጮው ለሁሉም እኩልና አነስተኛ ቢሆን ይመረጣል። ውጭ አገር ያለው ወንድም ወይም በንግድ የሠመረለት የአጎት ልጅ ወጪውን ብቻውን ልሸፍን ሊል ይችላል፤ ልግስናው ደግ ቢሆንም መታሰቢያው የእርሱ ሐውልት ተብሎ እንዳይቀር ትርፉን ገንዘብ ወደ ማኅበሩ መደበኛ ካዝና እንዲያስገባ መጠየቅ ይሻላል። አገር ቤት ያለው ዘመድ ገንዘብ ከሌለው ድንጋይ በማመላለስ፣ ውሃ በመቅዳትና ግንበኞቹን በማብላት የሚሰጠው ጉልበት በቃለ ጉባኤው ላይ በግልጽ እንደ መዋጮ ይመዝገብለት። የባንክ ሒሳቡ በሰብሳቢው፣ በገንዘብ ያዡና በጸሐፊው ጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን፤ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ በቦታው የሚኖር ሰው ቢሆን ሲሚንቶ ባለቀ ቁጥር ሁሉንም ፊርማ ከአዲስ አበባ መጠበቅ አይኖርም።

ከገንዘቡ ይልቅ በጥንቃቄ መያዝ ያለበት የመሬት ጉዳይ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ወደ አቅኚው አባት መቁጠር የቻለ ሰው ከርስቱ ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ስለ ነበር፣ የትውልድ ቆጠራ ማለት ከሞላ ጎደል የመሬት ክርክር ማለት ነበር። የመንዝ ጓሳ ሣር እንኳ ሳይቀር የሚታጨደው ወደ ሁለቱ አባቶች፣ ወደ አስቦና ወደ ጌራ፣ መቁጠር በቻሉ ሰዎች እንደ ነበር ይታወቃል። ይህ ሁሉ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 አብቅቷል፤ ዛሬም በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ጎረቤት ግን ይህን ቢያውቅም አሥር መኪና ሙሉ ዘመድ ከከተማ መጥቶ «አያታችን የተቀመጡት እዚህ ነው» እያለ ድንጋይ ሲተክል ቢያይ ስለ ወሰኑ መሥጋቱ የማይቀር ነው። በመሆኑም በመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ «ይህ መታሰቢያ በማናቸውም ይዞታ ላይ መብት አይሰጥም፤ ማኅበሩም የመሬት ጥያቄ አያነሣም» የሚል አንቀጽ ሰፍሮ፣ ግልባጩ ለቀበሌው አስተዳደርና ለአገር ሽማግሌዎች ይሰጥ። ይህችን ወረቀት የናቀ ማኅበር ፈቃድ ፍለጋ በተመላለሰ ቁጥር ዋጋዋን ይረዳዋል።

ትውልድ ቆጠራው

ትውልድ የሚሰበሰበው ከአንድ ዐዋቂ ሽማግሌ ብቻ መሆን የለበትም። ከየቤቱ ቢያንስ ሁለት ሰው፣ ከሁለቱም አንዷ ሴት፣ ለየብቻ ይጠየቁ። በአንድነት የተጠየቁ እንደ ሆነ ታናሹ ታላቁን ላለመቃረን ዝም ይላል፤ ሴቶቹም ለወንዶቹ ይተዉላቸዋል። አባቶች የወንዱን ሐረግ ሲያንበለብሉ እናቶች ግን ማን ከየት እንደ ተዳረች፣ የማን ልጅ በማን ቤት እንዳደገ፣ ማን በጡት ልጅነት እንደ ገባ ያስታውሳሉ፤ የሐረጉ ስንጥቅ የሚገጥመውም ብዙ ጊዜ በእነርሱ ቃል ነው።

ጠያቂው ዓመተ ምሕረት አይጠይቅ። የሚጠየቀው በታወቀ ነገር ላይ አስጠግቶ ነው። ለምሳሌ አንዲት አዛውንት ዕድሜያቸውን ባያውቁ «እማማ፣ ጣሊያን ሲገባ የወተት ጥርስዎ ተነቅሎ ነበር?» ቢባሉ፣ «ኧረ እኔስ ገና ታዛዬ የእናቴ ጀርባ ነበር፤ አዝላኝ ዋሻ ገባች ይሉኛል» ብለው ይመልሱ ይሆናል። በዚህች አንዲት መልስ የልደታቸው ዘመን በ1927 ወይም በ1928 ዓ.ም. አካባቢ ይውላል። ቀጥሎ «ያሳደጉዎት አያትዎ ስለ ክፉ ቀን ሲያወሩ አይተው ነው ወይስ ሰምተው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ አይተው ከሆነ አያቲቱ ከ1880ው ረኃብ በፊት ተወልደዋል ማለት ነው። እንዲህ እያሉ ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል።

ለሰሜን ሸዋ ሰው እንደ ችካል የሚያገለግሉት ዘመናት የሚከተሉት ናቸው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ነግሠዋል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ የዘመቱት በ1848 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ የተመለሱት በ1857 ዓ.ም. ነው። ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረኃብ ሲሆን፣ የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሆኗል። የኅዳር በሽታ የገባው በ1911 ዓ.ም. ነው። ሰገሌ በዚሁ በሸዋ ምድር የተደረገ ጦርነት ስለ ሆነ «አባቴ ሰገሌ ወድቆ ቀረ» የሚል ቤት በአካባቢው ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ይህ ሲገኝ የዘመን ቆጠራው እጅግ ይቀላል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ሽማግሌው «በንጉሡ ጊዜ ነው የመጡት» ቢሉ የትኛው ንጉሥ እንደ ሆነ ሳይጣራ አይጻፍ። ንጉሡ ሲባል ሣህለ ሥላሴም ሊሆኑ ይችላሉ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ከመባላቸው በፊት ምኒልክም ሊሆኑ ይችላሉ፤ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ የተባሉት ተፈሪም አሉ። በመካከላቸው የመቶ ዓመት ልዩነት አለ። ስለዚህ «ንጉሡ ያን ጊዜ አንጎለላ ነበሩ ወይስ እንጦጦ?» ብሎ በቦታ መጠየቅ በስም ከመጠየቅ ይልቅ የጠራ መልስ ያስገኛል፤ አንጎለላ የሣህለ ሥላሴ፣ እንጦጦ የምኒልክ መቀመጫ ነበርና።

የተሰበሰበው ቆጠራ በሒሳብም ይፈተሽ። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ቢያዝ፣ ሰባት ቤት ከ175 እስከ 210 ዓመት ይሆናል፤ ይህም ከዛሬ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲቆጠር ከሞላ ጎደል የሣህለ ሥላሴ ዘመን ላይ ያደርሳል። በአምስት ቤት የሸዋ ነገሥታት አባት ወደ ሆኑት ወደ ነጋሢ ዘመን፣ ማለትም ከሦስት መቶ ዓመት በላይ፣ እደርሳለሁ የሚል ሐረግ ካለ መካከል ላይ ስም ወድቋል። በአንጻሩ አሥራ ሁለት ስም ቆጥሮ ዓድዋ ላይ የሚቆም ሐረግ ካለ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በስም ብዛት ነው፤ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ነበረውና። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን አባ ዲና፣ ምኒልክን አባ ዳኘው የሚላቸው አገር፣ የገበሬውንም አባት በአንድ ቤት በፈረስ ስሙ፣ በሌላው ቤት በክርስትና ስሙ ይጠራዋል፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ ሁለቱ ስሞች አባትና ልጅ ሆነው ይገኛሉ።

ከቃል ሌላ ጽሑፍም ይፈለግ። በአሮጌ የብራና ወንጌልና በሌሎች የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የስጦታ፣ የውርስና የስምምነት ማስታወሻ ይገኛል፤ የደብሩን አለቃ በትሕትና ጠይቆ፣ ገጹን ሳይነኩ ያለ ብልጭታ ፎቶ ማንሣት ነው። በየቤቱ ሣጥን ሥር የቆዩ የግብር ደረሰኞች አሉ። የርስት ክርክር ፍርድ የተገኘ እንደ ሆነ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን በሙግት ላይ የተቆጠረ ትውልድ ለመርታት የተቆጠረ ነውና የከሳሹን ቆጠራ ከተከሳሹ ቆጠራ ጋር ሳያስተያዩ መቀበል አይገባም። የአዲስ አበባዎቹ ዘመዶች ደግሞ የአገሪቱን ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርንና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ቢያዩ ስለ አካባቢው የተጻፈ ነገር ያገኛሉ።

ሁለት ቤቶች በአንድ ነገር ላይ ካልተስማሙ፣ ለምሳሌ አንዱ ቤት «አያታችን የመጡት ከላሎ ምድር ነው»፣ ሌላው «ከማማ ምድር ነው» ቢል፣ በድምፅ ብልጫ አይወሰን። «ከመንዝ» ብሎ ሁለቱን የሚያስማማውን መጻፍና ልዩነቱን ከነምክንያቱ በትውልድ መዝገቡ ውስጥ ማኖር ይበቃል። የአንዳንዱ ቤት መነሻ አገልጋይ ወይም ባለ እጅ እንደ ነበር እያነሣ ከመዝገቡ እንዲወጣ የሚሟገት ሰው አይታጣም፤ ሰብሳቢው እንዲህ ያለውን ንግግር ገና ሲጀመር ማስቆም፣ ጸሐፊውም በቃለ ጉባኤው ላይ አለማስፈር አለባቸው።

ቦታው

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት አያቱ የተቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን ነው። በቅጽሩ ውስጥ ለማቆም ሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ተጠይቆ፣ ጉዳዩ ለወረዳው ቤተ ክህነት ቀርቦ መፈቀድ አለበት፤ የቃል ፈቃድ አለቃው ሲቀየር ይሻራል። አሮጌ መቃብር መቆፈር፣ ዐፅም ማንሣት ወይም ጥንታዊ የድንጋይ ካብ አፍርሶ ለመሠረት መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ሲቆፈር ጥንታዊ ነገር ቢገኝ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ግዴታ ነውና ሥራውን አቁሞ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገር ነው።

በይፋት ቆላማ ክፍል ግን የአንድ አያት ልጆች ከፊሎቹ ክርስቲያን፣ ከፊሎቹ እስላም የሆኑበት ቤተሰብ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ቤተሰብ መታሰቢያው በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ቅጽር ከቆመ ግማሹ ዘመድ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እንደሚያምነው ለእንዲህ ያለ ቤት ከሁሉ የሚሻለው ምንጭ ማጎልበት ነው። አቅኚው ሰው ቦታውን የመረጡት ከምንም በፊት በውሃው ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ ከብትም ሰውም የሚወርድበት ምንጭ አይታጣም። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ሰጥቶ፣ ዓይኑ በድንጋይና በኮንክሪት ተከድኖ፣ ውሃው በቧንቧ ወጥቶ፣ ትርፉ ከታች ባለ የከብት ገንዳ ቢጠራቀም፣ በግንቡ ላይ የምትለጠፈው አንዲት ሰሌዳ ከአምስት ሜትር ሐውልት ይልቅ በየዕለቱ ትነበባለች። የከብቱ ገንዳ ከመቅጃው በታች ራቅ ብሎ ይሠራ፤ ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ሽንት ቤትና በረት አይኑር።

ከሁለቱም ውጭ ያለ ቦታ ከተመረጠ፣ ማለትም የትምህርት ቤት ግቢ፣ የገበያ ዳር ወይም የመንገድ ዳር ከሆነ፣ የባለይዞታው ወይም የተቋሙ ስምምነትና የቀበሌው ደብዳቤ ያስፈልጋል። በገበሬ ማሳ ላይ «ዘመዳችን ነው፣ ፈቅዶልናል» ብሎ መትከል አይመከርም፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ያልሰፈረ ፈቃድ በውርስ ጊዜ ክርክር ይወልዳል። በዋናው የአዲስ አበባ - ደሴ አስፋልት ዳር ከሆነ ደግሞ ቦታው ከመንገዱ ወሰን ውጭ መሆኑ አስቀድሞ ይጣራ፤ መንገድ ሲሰፋ የሚፈርስ መታሰቢያ ማቆም ከንቱ ድካም ነው።

ጽሑፉ

ድንጋይ ላይ የሚጻፈው አጭር ይሁን። ሙሉው ታሪክ፣ የልጅ ልጆቹ ዝርዝር፣ የጀግንነቱና የለጋስነቱ ወሬ ለትውልድ መዝገቡ ይቆይ። አራት ነገር በቂ ነው፦ ማን እንደ ሆኑ፣ ከየት እንደ መጡ፣ ሚስታቸውና ልጆቻቸው እነማን እንደ ሆኑ፣ ድንጋዩን ማን መቼ እንዳቆመው። የሚከተለው ለአብነት ያህል ነው።

«እገሌ እገሌ ከመንዝ መጥተው በዚህ አገር ተቀመጡ። ዘመኑ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንደ ሆነ ይነገራል። ባለቤታቸው እገሊት እገሌ። ልጆቻቸው እገሌ፣ እገሌ፣ እገሊት። ተወላጆቻቸው በ2018 ዓ.ም. አቆሙት።»

በዚህ ናሙና ውስጥ ሆን ተብሎ የተተዉ ነገሮች አሉ። «ጠፍ አገር አቀኑ» አይልም፤ በይፋት አርጎባው፣ በሌላውም ስፍራ ኦሮሞውና ቀድሞ የነበረው ሌላው ሕዝብ ይኖር ነበርና፣ ባዶ መሬት ላይ እንደ ገቡ አድርጎ መጻፍ ከታሪክም ከጉርብትናም ያጣላል። ስለ ማባረርና ስለ ማስገበርም አያነሣም። «ይነገራል» የተባለው ማስረጃው የቃል ስለ ሆነ ነው፤ በጽሑፍ የተረጋገጠውን ብቻ «ነው» ብሎ መጻፍ የልጅ ልጆችን ከሐሰት ምስክርነት ያድናል። ማዕርግም ቢሆን ማስረጃ ሲገኝ ብቻ ይጻፍ፤ ሁሉም ቤት አያቱን ደጃዝማች ካደረገ በሸዋ ገበሬ አልነበረም ማለት ነው። የገንዘብ አዋጪዎች ስም በድንጋዩ ፊትም ጀርባም አይግባ።

ጽሑፉ ከጸደቀ በኋላ በሙሉ ልኩ በወረቀት ላይ ታትሞ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ፣ ፊደል የሚያውቅ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ዘመድ የአያቱን ስም በልቡ ስለሚያውቀው ስሕተቱን አያየውም፤ ባዕዱ ግን የተጻፈውን ያነባል። ቀራጩ ሥራ ሲጀምር የሚሰጠው ይኸው የተፈረመበት ወረቀት ብቻ ይሁን፤ በስልክ የተነገረ እርማት አይቀበል።

ግንባታው

የአፈሩ ዓይነት መሠረቱን ይወስናል። በጅሩ ሜዳ፣ በእነዋሪና በደነባ አካባቢ ያለው መረሬ የሚባል ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ በቀጥታ የተገነባ ነገር ሁሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ይዘማል። መፍትሔው ጥቁሩን አፈር አስወግዶ ወደ ጠንካራው መሬት እስኪደረስ መቆፈር፣ ጥልቅ ሆኖ ካልተደረሰበት ደግሞ የተመረጠ አፈር በየ20 ሳንቲ ሜትር እየደለደሉና እየጠቀጠቁ መሙላት፣ ዙሪያውንም ውሃ የሚያስወግድ ቦይ መሥራት ነው። በመንዝና በአንኮበር ዐለታማ ስፍራ ይህ ችግር የለም፤ ዐለቱን አጽድቶ መጀመር ይቻላል።

ድንጋዩ የአገሩ ጥቁር ድንጋይ ቢሆን ይመረጣል። የአካባቢው ጠራቢዎች ጠባዩን ያውቁታል፤ ቢሰበርም ተመሳሳዩ ይገኛል። እምነ በረድ ለጽሑፉ ሰሌዳ ብቻ ቢውል በቂ ነው። ለመሠረቱ ኮንክሪት አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር፣ ለግንቡ ልውስ አንድ እጅ ሲሚንቶና ሦስት ወይም አራት እጅ አሸዋ ይያዝ። አሸዋው ከመገዛቱ በፊት በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ይቀመጥ፤ በላዩ ወፍራም ጭቃ ካሰረ ይታጠብ ወይም ይመለስ።

በዚህ አገር ሰው የሚዘነጋው ውርጩን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ መንዝ ከዚያም ይበልጣል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሌሊት በልውሱ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሠራ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይፈረካከሳል፤ ጠዋት ሲያዩት ደኅና ይመስላል፣ በክረምቱ ግን ይረግፋል። ግንበኛው ማታ ማታ ሥራውን በጭድና በሸራ ያልብስ፤ ልውሱንም ከቀትር በኋላ ዘግይቶ አያኑር። በሸዋ ሮቢትና በሌላው ቆላ ደግሞ ጠላቱ ፀሐይ ነው፤ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ደጋም ቢሆን ቀን ቀን ውሃ መጠጣቱ አይቀርለትም።

የሥራው ወቅት ሲመረጥ እህሉ ከተወቃ፣ ውርጩም ካለፈ በኋላ፣ ማለትም ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመቻል። መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሰውም ፋታ አለው። የበልግ ዝናብ በሚያገኘው ደጋ ግን ገበሬው ዘር ላይ ሊሆን ስለሚችል ደቦ ከመጥራት በፊት ይጠየቅ።

ስለ ፊደሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከሁለት ሦስት ሜትር ርቀት እንዲነበብ የፊደሉ ቁመት ከ3 ሳንቲ ሜትር አይነስ። በ80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሰሌዳ ላይ ግራና ቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር ኅዳግ ትቶ፣ በፊደላት መካከል አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢያዝ፣ በአንድ መስመር ከ17 ወይም ከ18 ፊደል አይበልጥም። ናሙናው ጽሑፍ ስሞቹ ሲሞሉ አሥር መስመር ያህል ይወስዳል ማለት ነው። የግእዝ ፊደል ልዩነቱ በትንንሽ ቅጥያዎች ስለ ሆነ ቀራጩ የ«ቤ»ን ቀለበት ከደፈነው «ቢ» ሆኖ ይነበባል፤ የ«ራ» እና የ«ሪ» እግርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በቀለም ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት እንዲቀረጽና ቀለሙ በጉድጓዱ ውስጥ እንዲሞላ ይደረግ፤ ቀለሙ ሲለቅ ጽሑፉ ይቀራልና። ሰሌዳው ወደ ግንቡ ከመለጠፉ በፊት መሬት ላይ እንዳለ ከተፈረመበት ወረቀት ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር።

ምረቃውና ከዚያ በኋላ

ግንባታው በየካቲት ካለቀ ምረቃው ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ከፋሲካ በኋላ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለድግሱም ለመንገዱም ይሻላል፤ ክረምቱ ከገባ የቆላው ዘመድ መምጣት አይችልም። ምረቃው ከደብሩ ዓመታዊ ንግሥ ጋር ባይጋጭ ይመረጣል፤ ካህናቱም እንግዶቹም በንግሡ ተይዘው ይውላሉና። እስላሞቹ ዘመዶች የሚገኙበት ከሆነ ለእነርሱ የሚታረደው በራሳቸው ሰው እጅ ታርዶ በሌላ ዕቃ ይሠራ፤ ይህን የይፋት ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል፤ መመሪያው የሚያነሣው ከተማ ላደጉት ነው። የጎረቤት ሽማግሌዎች ከዘመድ ቀድመው ይጋበዙ፣ ንግግርም ይሰጣቸው።

የትውልድ መዝገቡ ቢያንስ በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በቦታው ባለው ቤት፣ አንዱ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ፣ አንዱ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። የአዛውንቶቹ የድምፅ ቅጂ በስልክ ላይ ብቻ እንዳይቀር ወደ ሌላ ማኅደር ይገልበጥ። በየዓመቱ መስከረም ውስጥ፣ ዝናቡ እንዳበቃ፣ በተራ የተመደበ አንድ ቤት መታሰቢያውን ይመልከት፤ የተከፈተ መጋጠሚያ በልውስ ይሙላ፣ ቦዩን ይጥረግ፣ በግንቡ ሥር የበቀለ ዛፍ ሥሩ ሳይጠነክር ይንቀል። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ከመዋጮው ላይ ተነሥቶ በባንኩ ሒሳብ ውስጥ ለብቻው ይያዝ።